ስህተት ካለ ዝም ብለህ እለፍ

ደንበኛው ሲደውልልኝ «ትንሽ ነገር ናት፣ ሲስተሙን ወደ አዲስ ሰርቨር ማዛወር ብቻ» አለኝ። ትንሽ የተባለ ሥራ ትንሽ ሆኖ አያውቅም። እያወቅኩ እሺ አልኩ።

ሰውዬው ዕቃ አስመጪ ነው። የመጋዘኑ ገቢና ወጪ በሙሉ የሚመዘገበው አንድ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ በሚጮህ ማሽን ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003! ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማለት ነው፣ ዞር ብሎ ያየው የለም። ውስጡ ክላሲክ ኤኤስፒ (የማይክሮሶፍት የድሮ ዌብ መሥሪያ)፣ ዳታቤዙ አክሰስ (መረጃውን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም)። እኔ ላራቬል የሚባለው የዘመኑ ዌብ መሥሪያ ላይ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ኤኤስፒ ሲባል ተከታዩ ዶትኔት ይመስለኝ ነበር። ለካ ይሄኛው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ፣ ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ ኮድ) መሃል ቪቢስክሪፕት የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ እየተሰነቀረ የሚጻፍ ሌላ ነገር ነው።

አዲሱ ሰርቨር ላይ ኤኤስፒ ራሱ አልተጫነም፣ ፈልጎ ማብራት ያስፈልጋል። ከዚያ 500፣ «ሰርቨሩ ውስጥ ስህተት አለ» የሚለው ቁጥር። ዝርዝሩ ብራውዘሩ ላይ እንዳይታይ ስለተዘጋ ምን እንደጎደለ እንኳ አይነግርህም። እሱን ስከፍት ደግሞ አክሰስ አልገናኝ አለ፤ ኮዱን ከአክሰስ ጋር የሚያገናኘው የድሮው የጄት ድራይቨር ባለ 32 ቢት ብቻ ነው፣ አፕሊኬሽን ፑሉ (ሰርቨሩ ላይ ሲስተሙ የሚሮጥበት ክፍል) ግን በ64 ይሠራል። አንዲት ሴቲንግ ናት የምትቀየረው፣ አንድ ቀን ተኩል በላችብኝ።

ያናደደኝ ግን ይሄ አይደለም። እያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ «ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት» የሚል መስመር አለ። ስህተት ካለ ዝም ብለህ እለፍ ማለት ነው። ሙከራ ስንጀምር የንብረት ክፍሏ እትዬ ዕቃ ትመዘግባለች፣ ገጹ በአረንጓዴ «ተመዝግቧል» ይላታል፣ ተመልሳ ስታይ ምንም የለም። አክሰስ የሚጽፈው የተቀመጠበት ፎልደር ላይም ፈቃድ ሲኖረው ነው፣ እኔ ፈቃድ የሰጠሁት ለፋይሉ ብቻ። ስህተቱ ተፈጥሯል፣ ኮዱ ውጦታል፣ ቀጥሎም ያለ ሃፍረት አረንጓዴ ጽፏል።

ቀጥሎ የደንበኞቹ ስም። አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ መጣ። የኢንኮዲንግ (ፊደል በቁጥር የሚቀመጥበት መንገድ) ችግር ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ኮድ ፔጅ፣ ማለትም የፊደልና የቁጥር ሠንጠረዥ፣ ስቀያይር ከረምኩ። እትዬ ከኋላዬ ቆማ አይታ «ኧረ ልጄ፣ ይሄ እኮ በድሮው ፎንት ነው የተጻፈው» አለችኝ። የእሷ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላለ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት (እዚህ አገር ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት) ፎንቶቹ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ እየሳሉ ነበር የሚያጽፉን። ቦታው ስለማይበቃ አንዳንዱ ፊደል የሁለት ኮድ ጥምር ነው። እሷ እያነበበች እኔ እየጻፍኩ የመቀየሪያ ሠንጠረዥ አወጣን። መጀመሪያ ባለ ሁለት ኮዶቹን ካልቀየርክ የሰው ስም ይበላሻል፤ እኔም አንድ ጊዜ አበላሽቼ ከባክአፕ መልሻለሁ።

ኮዱን የጻፈውን ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ስረግመው ነበር። በመጨረሻ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ፈንክሽን ጋ ደረስኩ። ዓመቱን ለ4 ያካፍላል፣ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ያደርጋታል። የ20 ዓመት ቀን አስገብቼ ሞከርኩት፣ አንዷም አልተዛነፈችም። በዚያ ሁሉ ፋይል ውስጥ ያለው ብቸኛ ኮሜንትም እዚያው ነው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ፦ «ሉቃስ ከሆነ 6»።

እሱን ሳልነካው እንዳለ አዛወርኩት።