የቁሌቱ ትነት የት ይሄዳል?

ጳጉሜ ስትገባ ሰፈሩ ሁሉ ምንጣፍ ያራግፋል። በየበረንዳው መጋረጃ ይሰጣል፣ ደረጃው ውሃ በውሃ ይሆናል። እኔም እንደ ሰው ከሳሎን እጀምራለሁ። መስኮት፣ ሶፋ፣ መጋረጃ እያልኩ ኪችን ስደርስ ጉልበቴም በርሜሉም ያልቃል። ዘንድሮ ግን ከኪችኑ ጀመርኩ።

ጽዳት አምሮኝ እንዳይመስላችሁ። ካቢኔቱን ላስቀይረው ነበር። ነጭ ሆኖ የገባው የኤምዲኤፍ ጣውላ ወደ ቢጫ ሄዷል። በሮቹ ተንጋደዋል። እጀታውን ሲይዙት መልሶ ይይዛል። አናጺ ጠርቼ አስለካሁ። የነገረኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ ለበዓል በግ ሊገዛ የተነሳ ሰው ያነበው ይሆናል። እሱን ሸኝቼ "እስቲ መጀመሪያ ልጠበው" አልኩ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ከካቢኔቱ አናት ላይ እጄን ሰደድ አደረግኩ። የጠበቅኩት አቧራ ነበር። ያገኘሁት ሙጫ የመሰለ ነገር ነው። ጣቴን ሳነሳ ክር እየሠራ ይከተለኛል። ቀለሙ ቡናማ፣ ጠረኑ የከረመ ቅቤ፣ ውስጡ ደግሞ የጋዜጣ ቁራጭ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንዲት የደረቀች ዝንብ።

ኪችናችን ጭስ መሳቢያ የለውም። ያለችው አንዲት ትንሽ መስኮት ናት፤ እሷም ክረምት ላይ ትዘጋለች። ሽንኩርት ስናቁላላ ዘይቱና ቅቤው ከእንፋሎቱ ጋር ተሳፍሮ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ያገኘው ነገር ላይ ይቀመጣል። እዚያው አየር እያገኘው ሲቆይ ይጠጥራል። የዘይት ቀለምም የሚደርቀው በዚሁ መንገድ ነው። ለካ እኔ እስከዛሬ በየዶሮ ወጡ ካቢኔቴን ቀለም ሳስቀባው ነው የኖርኩት።

እማዬ ለበዓል እኔ ጋ ነው ያለችው። አናቱን አየችና ሳቀች። የእሷ ማድ ቤት ከግቢው ጥግ ነበር። ጭሱም ቁሌቱም በቆርቆሮው ቀዳዳ ወጥቶ ይሄዳል። ግድግዳው ጥላሸት ቢለብስም ማንም አያፍርበትም። እንግዳ የሚያየው ሳሎን ያለውን ባለ መስታወት ቡፌ ነዋ! የማድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አዲስ ዘመን ይነጠፋል፤ ሲቆሽሽ ተነስቶ ሌላ ይነጠፋል፤ አለቀ። እኛ ማድ ቤቱን አምጥተን ከቡፌው ጎን አስቀመጥነው። ወጡ ያው ወጥ ነው፣ ቅቤው ያው ቅቤ ነው፣ ካቢኔቱ ግን እንደ ቡፌ እንዲያብረቀርቅ እንፈልጋለን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ጣጣ ያውቀዋል።

ወደ ሥራው ልግባ። በረኪና አይሆንም። በረኪና ያነጣል፣ ጀርም ይገድላል እንጂ ቅባት አያነሳም። ቲክቶክ ላይ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ እየደባለቁ ሲያፈሉ ያያችሁም፣ አረፋው ለዓይን ደስ ይላል፤ ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ተበላልተው የሚቀረው ከውሃ ብዙም አይሻልም። ለየብቻ ነው የሚጠቅሙት። በረኪናና አቼቶ ግን በፍጹም አንድ ላይ አይሁኑ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል።

እኔን የረዳኝ ሞቅ ያለ ውሃና የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው። ጨርቁን በሳሙናው ውሃ ነክሬ፣ በደንብ ጨምቄ፣ ቅባቱ ላይ አልብሼው ሄድኩ። ቡና ቆልቼ ስመለስ ያ ሙጫ ለስልሷል። ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ስገፋው እየተጠቀለለ ተነሳ። ሽቦ ቢሆን ይፈጥን ነበር፣ ግን ላዩን ይጭረዋል፤ ከዚያ በኋላ ቆሻሻው ጭረቱ ውስጥ ይገባል። ጨምቄ ያልኩትም በምክንያት ነው። ኤምዲኤፍ የእንጨት ጭራሮ ተፈጭቶ በማጣበቂያ የተጠፈጠፈ ነው። ውሃ በጠርዙ በኩል ከገባበት ያብጣል። ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም አይመለስም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ የቅመም ካቢኔቱ በር ነበር። በርበሬ ያለበት ጣት የነካው ቦታ ሁሉ ብርቱካናማ ሆኗል። በሳሙና ባሽ ባሽ፣ ንቅንቅ የለም። ያው የበርበሬ ቀለም ከውሃ ጋር አይዋደድም፤ የሚሟሟው በቅባት ነው። ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ለምን ቀይ እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ ጨርቅ ላይ ትንሽ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጌ ቀባሁት። ትንሽ ቆይቶ ጨርቁ ቀላ። ከዚያ ዘይቱን በሳሙና አነሳሁ። የቀረች ጥላ አለች፤ እኔ ካልነገርኳችሁ አታዩዋትም።

በመሀል ውሃ ሄደች። ፈረቃችን አልቋል። ቀኑ ደግሞ የሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጆቹ ታች ግቢ ውስጥ እየጮሁ ይጠመቁበታል። እማዬ "ሳፋውን በረንዳ ላይ አውጪው" አለችኝ። ለሊጡ እንደሆነ ገብቶኛል። ሳፋው ሲሞላ ግን፣

"እማዬ፣ ከዚህ ላይ ትንሽ ለካቢኔቱ ልቅዳ?" አልኳት።

"የሩፋኤልን ውሃ? ለካቢኔት? ተይ እንጂ ልጄ!"

ጎረቤት ሄጄ ጀሪካን ተበደርኩ።

የውስጡ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ዕቃውን ሁሉ አውጥቼ ወለሉ ላይ ስደረድረው መረገጫ ጠፋ። ክዳን የሌላቸው ፕላስቲኮች፣ ፕላስቲክ የሌላቸው ክዳኖች። የነቀዘ ምስር። ስሙ ያልተጻፈበት ቅመም፤ እማዬ አሽትታ "ጥቁር አዝሙድ ነበር" አለች፣ "ነበር" ላይ ጠበቅ አድርጋ። ከመደርደሪያው ጥግ የበረሮ እንቁላል ቅርፊት አገኘሁ። በረሮ ያንን ቅባት ይበላዋል፤ የሚረጭ መድኃኒት እየገዛሁ ጎን ለጎን ስቀልበው ነበር ማለት ነው። እኔ ባዶ የማርጋሪን ዕቃዎቹን ወደ ጆንያ ስከት እማዬ ከኋላዬ ታወጣለች። "ይሄ ለሽሮ ይሆናል። ይሄ ለሚጥሚጣ።" አልተከራከርኩም። ማታ ስትተኛ ግማሹን ጣልኩት።

በሮቹም አላረጁም። ማጠፊያቸው ነው የላላው። ከውስጥ በኩል ማጠፊያው ላይ ሁለት ብሎን አለ፤ አንዱ በሩን ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያንቀሳቅሰዋል። በካቻቪቴ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ማስተካከል ነው። የአንደኛው በር ብሎን ቀዳዳው ሰፍቶ ዝም ብሎ ይሽከረከር ነበር። ስቴኪኒ ኮላ ነክሬ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጬ ብሎኑን መለስኩት። ያዘ።

ጎረቤቴ አይታ "በይ አሁን ቀለም ቀቢው፣ ወይም እብነ በረድ የሚመስለውን ስቲከር ለጥፊበት" አለችኝ። ስቲከሩን ምድጃ አካባቢ አልወደውም፤ ሙቀቱ ጠርዙን ያነሳዋል፣ ከሥሩ ቅባት ይገባል። ቀለም ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት መላግ፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ፕራይመር፣ ማድረቅ፣ እንደገና መቀባት አለው። ለበዓል ከተረፈው ጊዜ ጋር አይሄድም። እጀታዎቹን ብቻ ቀየርኩ። መርካቶ ነው የገዛኋቸው፣ ጥቁር፣ ቀለል ያሉ። ቢጫ ነው ያልኩት በር ቢጫ አልነበረም፤ ከምድጃው በላይ ካለው አንዱ በስተቀር ሁሉም ወደ ነጭነታቸው ተመልሰዋል።

ያልዳነው ከሲንኩ ሥር ያለው ጣውላ ነው። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ከርሞ አብጦ ተሰነጣጥቋል። ያን አናጺ ደውዬለት ከመስቀል በኋላ እንዲመጣ ተስማምተናል፤ እሱን ብቻ ይቀይርልኛል። ደስ አላለውም፣ ግን እሺ ብሏል። እስከዚያ ከቧንቧው ሥር ከማርጋሪን ዕቃዎቹ አንዱን አስቀምጫለሁ። እማዬ አይታዋለች።