ደመና ውስጥ ማንን እንመን?

ደመና ውስጥ የገባን አብራሪ መጀመሪያ የሚከዳው የገዛ ጆሮው ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፈሳሽ የሞላባቸው ቀለበቶች በሰከንድ ከ2 ዲግሪ ገደማ በታች የሆነን ዝግ ያለ መዞር አያስተውሉም። ክንፉ ቀስ ብሎ ካዘነበለ ሰውነት «ቀጥ ብለናል» ይላል፤ አብራሪው ነቅቶ ሲያቃናው ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የወደቀ ይመስለዋል። ካላቃናው አፍንጫው ይዘቀዘቃል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ እጅም ሳይታዘዝ መሪውን ወደ ኋላ ይስባል። ክንፍ አዘንብሎ ሳለ መሳብ ግን ቁልቁል የሚወርደውን ጥምዝምዝ ማጥበቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሞተር ኃይል ይቀነሳል፣ ቀጥሎ ክንፍ ይቃናል፣ አፍንጫ የሚነሳው ከዚያ በኋላ በዝግታ ነው። አፍንጫ ሽቅብ ሆኖ ፍጥነት እያለቀ ከሆነ ግን ኃይል ጨምሮ አፍንጫን ዝቅ ማድረግ ይቀድማል፤ ክንፍ ይከተላል።

እንግዲህ የሚታመነው መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው አብራሪ ጂሚ ዱሊትል እ.ኤ.አ. በመስከረም 1929 ኮክፒቱ ተሸፍኖ፣ ውጭውን ሳያይ ተነስቶ በርሮ ሲያርፍ ከፊቱ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ሰው ሠራሽ አድማስ፣ ማለትም የአፍንጫንና የክንፍን ዝንባሌ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ነበር። ዛሬም የዓይን ቤቱ እሱ ነው። ዓይን ከአድማስ ይነሳል፣ ከፍታን አይቶ ወደ አድማስ ይመለሳል፣ አቅጣጫን አይቶ ይመለሳል፣ ፍጥነትን አይቶ ይመለሳል። ጀማሪን የሚያጠፋው አንድ መርፌ ላይ መፍዘዝ ነው፤ ከፍታውን ለማዳን ሲያፈጥ አቅጣጫው 20 ዲግሪ ሄዶ ያገኘዋል።

በተለይ የሽቅብና ቁልቁል ፍጥነት ማሳያውን አታሳድዱት። ትክክለኛውን ቁጥር ለመስጠት ከ6 እስከ 9 ሰከንድ ይዘገያል፤ እሱን የሚከተል እጅ አውሮፕላኑን እንደ ጀልባ ያወዛውዘዋል። ከምትፈልጉት ከፍታ 100 ጫማ ከወረዳችሁ በአድማሱ ላይ አፍንጫውን በትንሹ አንሱና በደቂቃ 200 ጫማ ያህል ውጡ፤ የስህተቱ እጥፍ መሆኑ ነው። በደቂቃ 500 ጫማ ስትወጡ ደግሞ ከምትፈልጉት ከፍታ 50 ጫማ ሲቀር ማቃናት ጀምሩ።

በመሣሪያ ሲበረር መደበኛው መታጠፍ በሰከንድ 3 ዲግሪ ነው፤ ሙሉ ክብ 2 ደቂቃ ይወስዳል። ክንፉ ምን ያህል ይዘንብል ለሚለው ፍጥነቱን በኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ለ10 አካፍሎ 5 መደመር ይበቃል፦ በ100 ኖት 15 ዲግሪ። ሲመለሱም የዝንባሌውን ግማሽ ያህል ቀድሞ ነው። በቀኝ ታጥፎ አቅጣጫ 090 (ምሥራቅ) ላይ ለመቆም 083 አካባቢ ማቃናት ይጀመራል።

መሣሪያም ግን ይዋሻል። ያኔ የሚያድነው የትኛው ከምን እንደሚመገብ ማወቅ ነው፤ ይህን ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚያጠና ሰው ይገርመኛል። በብዙ የቆዩ ትንንሽ አውሮፕላኖች አድማሱና አቅጣጫ ማሳያው አየር በሚስብ ቫኩም ፓምፕ የሚሽከረከር ጋይሮ (በፍጥነት እየዞረ አቋሙን የሚጠብቅ ጎማ) አላቸው፤ የመታጠፊያ ማሳያው በኤሌክትሪክ ይሠራል። ፓምፑ ሲሞት አድማሱ በአንዴ አይወድቅም። ጋይሮው እየደከመ ቀስ እያለ ያዘነብላል፣ አብራሪውም እሱን «እያቃና» ወደ ጥምዝምዝ ይገባል። አድማሱ ታጠፍክ ሲል የመታጠፊያ ማሳያውና ኮምፓሱ ቀጥ ነህ ካሉ፣ የቫኩም መለኪያውን አይቶ አድማሱን በወረቀት መሸፈን ነው፤ ካልተሸፈነ ዓይን በልማድ ይመለስበታል። አቅጣጫ ማሳያው ደህና ሲሆንም ይንሸራተታልና በየ15 ደቂቃው፣ ቀጥ ባለና ፍጥነቱ በረጋ በረራ፣ ከኮምፓሱ ጋር ይስተካከላል።

ፍጥነት መለኪያ፣ ከፍታ መለኪያና የሽቅብ ቁልቁል ማሳያ ደግሞ የአየር ግፊት ልጆች ናቸው። የውጭውን አየር ግፊት የሚቀበለው ስታቲክ ቀዳዳ በበረዶ ከተደፈነ ከፍታው ባለበት ይደርቃል፣ የሽቅብ ቁልቁሉ መርፌ ዜሮ ላይ ይቆማል፣ ፍጥነቱም ይሳሳታል። ከፊት የሚመጣውን አየር የሚቀበለው ፒቶት ቱቦ ከነውሃ ማፍሰሻው ሲደፈን የሚመጣው የከፋ ነው፦ ፍጥነት መለኪያው እንደ ከፍታ መለኪያ ይሆንና ስትወጡ «ፍጥነት ጨመረ» ይላል። ያንን አምኖ አፍንጫ የሚያነሳ ሰው ፍጥነቱን ጨርሶ ስቶል (ክንፍ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ሁኔታ) ውስጥ ይገባል። የፒቶት ማሞቂያው ደመና ውስጥ ከተገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባት በፊት ይበራል።

አድማሱ ተሸፍኖ መታጠፍን ከአስተማሪ ጋር ደጋግሙ፦ የመታጠፊያ ማሳያውን በሰከንድ 3 ዲግሪ ምልክቱ ላይ ያዙ፣ ሰዓት ቁጠሩ፣ ለ90 ዲግሪ 30 ሰከንድ ሲሞላ አቃኑ። ኮምፓሱን ማንበብ መወዛወዙ ሲረጋ ነው።