ድንጋይ ጠራቢው እና የቤተ ጊዮርጊስ ዝናብ

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። በዚህ ሥራ በጣም የሚፈትነን ሰማዩ ነው፤ በተለይ መስከረም ላይ። ጠዋት ጥርት ያለ ፀሐይ ይወጣል። ሻይ ጠጥተህ ስትወጣ የአሸተን ማርያም ተራራ በደመና ተሸፍኗል። እንግዳ ይዘህ መሃል መንገድ ላይ ዶፍ ይወርድብሃል።

አንድ መስከረም ከወልዲያ የመጡ መምህራን ነበሩ። ማታ ገብተው አድረዋል፤ ለጉብኝት ያላቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። አንዷ መምህርት አባቷን ይዛ መጥታለች። ዕድሜያቸውን ደሴ ውስጥ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም።

በቤተ ጊዮርጊስ ጀመርን። ከላይ ጠርዙ ላይ ቆመን የተለመደውን ነገርኳቸው። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ12ኛው መጨረሻና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነገሠው ከቅዱስ ላሊበላ ጋር እንደሚያያዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገቡ። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ለብቻው፣ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ፣ በመስቀል ቅርጽ ቆሟል። ቤተ ክርስቲያንነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ለእኔ አገራችን ውስጥ ደጅ ላይ ካሉ ቅርጻ ቅርጾች ሁሉ አንደኛው እሱ ነው። ሌላ ቀራፂ ቢበላሽበት ሌላ ድንጋይ ያመጣል። እዚህ ግን ከአናቱ ጀምረው እየፈለፈሉ ነው የወረዱት። አንዴ የተነሳ ተነስቷል።

ይህን እያልኩ ፀሐይ እያለ ዝናቡ ጀመረ። «ጅብ ወለደች!» አለ አንዱ መምህር። ብዙም ሳይቆይ ፀሐይዋም ጠፋች፣ ዶፉም ወረደ። ሁሉም ወደ መኪናው ሮጠ።

አባትየው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው እዚያው ቆመዋል። «አባባ፣ ብርድ ይመታዎታል፣ ይምጡ እንጂ!» ትላለች ልጃቸው። ጃንጥላ ይዤ ተጠጋኋቸው።

«ጋሼ፣ ሲያባራ እንመለሳለን፤ ለጊዜው እንጠለል» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ። ሥራው የሚታየው አሁን ነው» አሉና በጣታቸው ጣሪያውን አሳዩኝ።

ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹ 3 መስቀሎች አሉ። ፎቶውን ያላየ ሰው የለም። በደረቅ ቀን ዝርግ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ውሃው የመስቀሎቹን ጠርዝ ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይሄዳል። ዳር ሲደርስ፣ ከዓለቱ ከራሱ በተቀረጹት አሸንዳዎች በኩል ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወርዳል።

«ስሎፕ ሰጥተውታል» አሉ። «አየህ? ግድግዳውን አይልሰውም።»

ከዚያ ወደ ግቢው ወለል ወረዱ፣ በዓይናቸው ማለቴ ነው። ወለሉም ተዳፋት አለው። «እኛ በውሃ ልክ እየለካን፣ በሲሚንቶ እየሞላን እንኳ ውሃ ይተኛብናል። እነሱ መሙላት አይችሉም። ውሃው የት እንደሚሄድ መሮ ሳያነሱ ጨርሰውታል» አሉኝ።

ስለ ቦዮቹ ለእንግዳ ሁሉ አወራለሁ። ውሃ ሲወርድባቸው፣ ከሙያው ሰው ጋር ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሲያባራ መምህራኑ ተመለሱ። ማብራሪያውን ለእሳቸው ለቀቅሁላቸው። በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ታች ስንወርድ ፀሐይ በጎን ገባች። እርጥቡ ድንጋይ ጠቆር ብሎ ነበር። እያንዳንዷ የመሮ ዱካ ጎልታ ታየች። አባትየው በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ጠራቢው ከየት በኩል ቆሞ እንደመታ ለልጃቸው አሳዩዋት።

ከሰዓት ቤተ ማርያም ገባን። ከመግቢያው በላይ ፈረሰኞች ከአውሬ ጋር ሲዋጉ የተቀረጸ ምስል አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራው መጠለያ ከዝናብ ይከልለዋል። አባትየው የመጠለያውን ብረት ቀና ብለው አይተው ዝም አሉ። እኔ በበኩሌ አስፈላጊነቱ ይገባኛል። ዓለቱ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ የሚገባ ውሃ ደግሞ ከውስጥ ነው የሚበላው። ቅርጹን ከሰማዩ መነጠሉ ግን ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጀምር እንግዶቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ሙያቸውን ነው። አናጢ ከሆነ የቤተ ጊዮርጊስን የታችኞቹን መስኮቶች ቀረብ ብሎ እንዲያይ አደርጋለሁ። ማዕዘናቸው ላይ የወጡት፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት፣ በድንጋይ የተቀረጹ የእንጨት ጫፎች ናቸው። አናጢ ሳልነግረው ያውቃቸዋል፤ ከዚያም ለሌላው ያስረዳል።

ደመና ያለበት ቀን ሲሆን ደግሞ ከቤተ ጊዮርጊስ አናት እጀምራለሁ። ትርፍ ካልሲ ያዙ እላለሁ፤ ጫማ አውልቆ የሚገባበት ቦታ ነው፣ እርጥቡ ድንጋይም ያንሸራትታል። ቦይ ውስጥ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ የሚጥል ካየሁ ዝም አልልም፤ አንስቶ እንዲይዝ እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱንም ከጣሪያው ጀምሬ እነግረዋለሁ።