ቻርጀሩ ይነቀል!

እኛ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጻ ሊጀመር ሲል አንድ ሰው ተነስቶ የላፕቶፑን ቻርጀር ይነቅላል። ሕግ ነው። ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ «ቀረጻ ላይ ቻርጀር መሰካት ክልክል ነው» ይላል። በቅርብ የተቀጠረችው ልጅ ሳትቀር ትነቅላለች። ለምን ብትሏት «ድምፅ ያበላሻላ!» ትላለች።

አያበላሽም። ይህን እዚህ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ማወቄም እስካሁን ምንም አልፈየደልኝም።

ሥራችን የሬዲዮ ፕሮግራም ነው። ከኤፍኤም ጣቢያ የአየር ሰዓት እንገዛለን፣ ስፖንሰር እንለምናለን፣ ራሳችን ቀርጸን አቀናብረን እናስረክባለን። ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የጫንኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴ ፍልስፍና አይደለም፣ ፍላሽ ነው። ፕሮግራም በፍላሽ የሚያመላልስ ቤት ዊንዶውስ ላይ ከቫይረስ ጋር ሲታገል ነው የሚኖረው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከገባ ወዲህ ያ ጣጣ ቀረ። ምስጋና ግን የለም። ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ፣ መብራት ሲጠፋ ሳይቀር «ያ ያንተ ሊኑክስ» ይባላል።

እና አንድ ሰሞን ድምፁ መበላሸት ጀመረ። ከሚክሰሩ ወጥቶ፣ ድምፅን ለላፕቶፑ በሚያቀብለው ውጫዊ ሳውንድ ካርድ በኩል የሚገባው ድምፅ መሃል መሃል ላይ ይንጣጣል። ፕሮግራሙን የምታቀርበው አለቃዬ ናት። የተቀረጸውን ሰምታ ሄድፎኑን አወለቀችና «ይሄ እኔ ነኝ? ፈንድሻ እያፈነዳሁ ነው እንዴ የማወራው?» አለች።

የተበላሸ ድምፅ ሁሉ አንድ አይደለም። መቅረጫ ሶፍትዌራችን ኦዳሲቲ ላይ ሞገዱን በደንብ ካጎሉት ብዙ ነገር ይናገራል። መጠኑ በዝቶ ከሆነ የሞገዱ ጫፍ በምላጭ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። የመብራት ወይም የግራውንድ ጣጣ ከሆነ ከሥር የማያቋርጥ «እምምም» አለ፤ የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እሱን ወይ እጥፉን ጠብቆ ይሄዳል። የናሙና ፍጥነቱ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ ተዛንፎ 44,100ው እንደ 48,000 ከተነበበ ደግሞ ሰውየው ቀጥኖ፣ ቸኩሎ ያወራል። የእኛው ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ሞገዱ በሰላም ሲፈስ ይቆይና ድንገት ዘሎ ሌላ ቦታ ላይ ይቀጥላል። ከመሃሉ የጎደለ ነገር አለ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት፣ እንደማንኛውም የሊኑክስ ሰው፣ ሊኑክስ ውስጥ ድምፅ የሚያመላልሰውን ፓይፕዋየርን ነው። ድምፅ ለጊዜው የሚጠራቀምበትን፣ በ256 ናሙና የሚሠራውን ቋት ወደ 1024 አሳደግኩት። በ48,000 ሲሰላ 21 ሚሊ ሰከንድ ገደማ መዘግየት ማለት ነው። ለሬዲዮ ቀረጻ ይህ ምንም ማለት አይደለም። እዚያው ማታ ፕሮሰሰሩ ኃይል እንዳይቆጥብ አደረግኩ፤ ዩኤስቢው እንዳያንቀላፋም የቁጠባ ቅንብሩን አጠፋሁ። ከዚያ የፓይፕዋየርን ሥራ የምታሳየውን ፒደብሊው ቶፕን ከፍቼ የስህተት ዓምዷ ላይ አፈጠጥኩ። ዜሮ። ድምፁ ይንጣጣል፣ ዓምዷ ዜሮ። ላፕቶፑ «እኔ ጋ የዘገየ ነገር የለም» እያለኝ ነው። እውነቱንም ነበር። የሚጎድለው ላፕቶፑ ጋ ሳይደርስ ነው ማለት ነው፤ መንገድ ላይ።

እዚህ ደርሼ ተኛሁ። ጠዋት ስገባ አለቃዬ ኢንጂነርን ጠርታቸዋለች።

ሁሉም «ኢንጂነር» ነው የሚላቸው። ከቴፕ ዘመን ጀምሮ የድምፅ መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ላሳንሳቸው ብዬ አይደለም ይህን የምጽፈው። ሚክሰር ከፍተው የተቃጠለውን ዕቃ በአፍንጫቸው የሚያገኙ ሰው ናቸው። ገብተው ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ይሄ ቤት ግራውንድ አለው?»

«የኪራይ ቤት ነው ጋሼ፣ እርግጠኛ አይደለንም።»

«ታዲያ ምን ትደክማለህ?»

«ግራውንድ ቢሆን እምምም ይል ነበር። ይሄኛው ግን ይንጣጣል። ሞገዱን ላሳይዎት፣ እዚህ ጋ...»

«ልጄ፣ ድምፅ በጆሮ ነው በዓይን የሚሰማው?»

አለቃዬ ሳቀች። እኔ የተሸነፍኩት እዚያች ሳቅ ላይ ነው፤ የቀረው ሥነ ሥርዓት ብቻ ነበር።

«ኮምፒውተሩስ ምንድን ነው? ዊንዶው አይመስልም።»

«ሊኑክስ ነው ጋሼ።»

«እ...» አሉ። ረዘም አድርገው። አለቃዬን ዞር ብለው አዩዋት፣ እሷም አየቻቸው። ከዚያ በላይ ምንም አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አለኝ። ለዚያች «እ» ግን እስከ ዛሬ ሳስብ መልስ አላገኘሁላትም።

ከዚያ ቻርጀሩን ነቀሉ። ላፕቶፑን አንስተው ከሶኬቱ ራቅ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰዱት። የላፕቶፑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን ሃርድ ዲስኩ ይዞታል፣ ሌላው ላይ አንዱን ቀዳዳ ብዙ የሚያደርገው ሀብ ተሰክቶ ካሜራው፣ ማውሱና ሳውንድ ካርዱ እሱ ላይ ነው የሚያድሩት። ሀቡን ከጠረጴዛው ሥር በፕላስተር ጥርቅም አድርጌ ለጥፌው ስለነበር አልነቀል አላቸው። ትተውት የሳውንድ ካርዱን ገመድ ብቻ መዘዙና በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

«እስቲ ተናገሪ» አሏት።

የፕሮግራሙን መክፈቻ ሰላምታ አለች። ጥርት ያለ ድምፅ። አንዲት ኮሽታ የለችበትም።

«አላልኩም? መብራቱ ነው!»

ልብ በሉልኝ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነው የቀየሩት። ቻርጀሩም ተነቀለ፣ ሀቡም ከመንገድ ወጣ። በየትኛው ነው የዳነው? ብልሽት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይነካል፣ ያዳምጣል፣ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል። የሙያው ሀሁ ይሄ ነው። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት አለቃዬ ሂሳብ ልትከፍል ቦርሳዋን ከፍታለች።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀረሁ። ቻርጀሩን ሰካሁት፤ ሳውንድ ካርዱን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ተውኩት። ጥርት ያለ ነው። ቻርጀሩን ነቅዬ ካርዱን ወደ ሀቡ መለስኩት። ተንጣጣ! በባትሪ፣ ከሶኬት ርቆ፣ ያለ ምንም መብራት ተንጣጣ። እዚያው ሀብ ላይ እያለ ካሜራውን ሳጠፋው መንጣጣቱ በረድ አለ። ብቻዬን ጨበጨብኩ ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ሳውንድ ካርድ የድሮ ዓይነት ነው፣ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው የሚያወራው። ሀቡ ደግሞ ከላፕቶፑ ጋር የሚያወራው በ480 ነው። ስለዚህ ሀቡ ውስጥ በሁለቱ መሃል የሚያስተረጉም ነገር አለ። ርካሽ ሀብ ላይ ይህ አስተርጓሚ ደካማ ነው፤ ካሜራው ምስል ሲያጎርፍበት ደግሞ ይባስ ይስታል። ፋይል ቢሆን ችግር አልነበረም። በዩኤስቢ ፋይል ስትገለብጡ መንገድ ላይ የጠፋው እንደገና ይላካል። ለዚህ ነው እዚያው ሀብ ላይ የሚሰካ ፍላሽ አንድም ቀን ፋይል አበላሽቶብን የማያውቀው። ድምፅ ግን በሰዓቱ መድረስ ስላለበት የጠፋው ጠፋ ነው፤ ደግሞ የሚልከው የለም። ላፕቶፑም የደረሰውን ይዞ ይቀጥላል። ዓምዷ ዜሮ የሆነችው ለዚህ ነው።

ሁለቱንም ቀርጬ በማግስቱ ለአለቃዬ አሰማኋት። ሄድፎኑን አድርጋ በጥሞና ሰማች፤ እውነት ለመናገር ትዕግሥት አላት።

«ገባኝ» አለች። «አሁን ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል። ግን ቻርጀሩ እኮ ምንም...»

«መንቀሉ ምን ይጎዳናል?»

ከሰዓት ወረቀቱ ተለጠፈ።

ምን እንደሚጎዳን የታወቀው ሰንበት ብሎ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷል። አንድ እንግዳ የልጅነት ታሪካቸውን እያወጉ፣ ወሳኙ ቦታ ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ጭልም አለ። ኦዳሲቲ እስከዚያ ድረስ የተቀረጸውን አትርፎልናል። ሰውየው ግን ታሪኩን ከቆመበት ሲቀጥሉት እንደ መጀመሪያው አልሆነም፤ ቀልባቸው ተሰርቋል። አለቃዬ ወዲያው ስልኳን አነሳች። የደወለችው ለእኔ አይደለም፤ እኔማ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ለኢንጂነር ነው። «ባትሪው ይቀየር» አሉ። ተቀየረ። በደህና ገንዘብ። እኔ ቀደም ብዬ ሻል ያለ ሀብ ይገዛ ብዬ ስጠይቅ «ለጊዜው በጀት የለም» ተብዬ ነበር።

ቪዲዮውን በስልክ መቅረጽ ስንጀምር ሀቡ ሥራ ፈታ። ባለፈው ኢንጂነር ሚክሰሩን ሊያጸዱ መጥተው መሳቢያው ውስጥ አዩት።

«ይሄ የማን ነው? ሥራ የለውም?»

«የለውም። ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ያኔ ድምፁን ሲያበላሽብን የነበረው እሱ ነው።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሀብ ድምፅ አያበላሽም ልጄ፣ መብራት ነው የሚያበላሸው» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። እሳቸው ጋ ያለውን ሳውንድ ካርድ አውቀዋለሁ። አዲስ ነው፤ በ480 ነው የሚሠራው፣ በአስተርጓሚው በኩል አያልፍም። ምንም ላይሆንባቸው ይችላል። እስካሁን አልደወሉም።