ቀሪውን ብር ከመክፈሌ በፊት

ደብረ ብርሃን ላይ አፓርታማ ልገዛ ቀብድ ከፍያለሁ። ቀሪውን ከመስጠቴ በፊት ግን ቤቱን በደንብ ልየው ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ባልዲና የስልክ ቻርጀር ይዤ ሄድኩ። ደላላው ሳቀብኝ። ይሳቅ!

ቻርጀሩን በየሶኬቱ ሰካሁ፤ ሁለቱ አይሠሩም። ባልዲውን ሞልቼ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ደፋሁት፣ ውሃው ወደ ማፍሰሻው በመሄድ ፈንታ ተንደርድሮ ኮሪደር ገባ፣ ደላላው ዘሎ ሸሸ። ሴራሚኩንም በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ሲሚንቶ አልያዘውም ማለት ነው።

ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ መስኮቶቹን ዘግቼ እጄን በጠርዛቸው አስኬድኩ፤ ንፋሱ ሽው ይላል። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ደግሞ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ አንድ ጥግ ብቻ! የክረምት ዝናብ የገባበት ግድግዳ እንዲህ ነው የሚደበቀው። ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርጌ ሳይ ሻጋታው ከኋላው አለ።

ሻጩን "ጋሼ፣ ይሄ ሳይስተካከል ውልና ማስረጃ አንሄድም" አልኳቸው። ትንሽ አኮረፉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሴራሚክ ሠሪ ጠሩ። ካርታው እዳና እገዳ እንደሌለበት ማጣራቱ ለሰኞ ቀርቷል።