የረጅም ርቀት ስኮፕ፦ ከክሊኩ በፊት ብሎኑ

ለረጅም ርቀት አደን ስኮፕ (የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር) የሚያስተካክል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማዞሪያው ይቸኩላል። ይተኩሳል፣ ክሊክ (የማዞሪያውን አንድ እርከን) ያዞራል፣ ደግሞ ይተኩሳል፤ ምቱ ግን ኢላማው ላይ ሲዋልል ይውላል። እንዲህ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስኮፑን ሳይሆን ስኮፑን የያዘውን ብረት ነው።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ከዚያ ጠመንጃው ላይ የሚታሰረውን መደብና ስኮፑን የሚያቅፉትን ቀለበቶች ፈትታችሁ የብሎኖቹን ዘይት በአልኮል ጥረጉ፤ ዘይት የነካው ብሎን በአንድ ዓይነት ጉልበት ሲጠብቅ ከደረቁ የበለጠ ስለሚጨመቅ ልኬቱ ይዛባል። የቀለበት ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ የመደቡ እንደ ብረቱና እንደ ብሎኑ ውፍረት ስለሚለያይ አምራቹ የጻፈውን ተከተሉ። በእጅ ግምት አይሆንም፣ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ያስፈልጋል። ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ በሰያፍ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ በቀለበቱ ግራና ቀኝ የሚቀረው ክፍተት እኩል ይሁን። ከልክ በላይ ከጠበቀ ቱቦው ይጨመቅና ውስጡ ያለው ማስተካከያ ይይዛል፤ ክሊኩ ይሰማል፣ ምቱ ግን አይንቀሳቀስም፣ ከዚያ ከሁለት ተኩስ በኋላ በድንገት ይዘላል። ከላላ ደግሞ የጠመንጃው ግፊት ስኮፑን ከቦታው ያንሸራትተዋል። ቀለበቱ ጠርዝ ላይ ቱቦውን በቀጭን ቀለም ምልክት ካደረጋችሁበት መንሸራተቱን በዓይን ታዩታላችሁ።

ቀለበቱን ጨርሶ ከማጥበቅ በፊት የዓይን ርቀት (ከዓይን እስከ ስኮፑ የኋላ መስተዋት ያለው) እና ሚዛን ይቀድማሉ። የብዙ የአደን ስኮፖች የዓይን ርቀት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። የማጉያ ቀለበቱን ከፍተኛው ላይ አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉ፤ ስትገልጡ ጥቁር ጥላ የሌለው ሙሉ ክብ መታየት አለበት። ተኝቶ የሚተኩስ ሰው ይህን ተኝቶ ይሞክረው፣ ምክንያቱም ሲተኙ ዓይን ወደ መስተዋቱ ይቀርባል። ስኮፑ በተኩስ ግፊት ቅንድብ የሚፈነክተው ይህ እርምጃ ሲዘለል ነው።

ለሚዛኑ ራቅ አድርጋችሁ ቱንቢ ስቀሉ፤ ጠመንጃው በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ ሳለ በስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ቋሚ መስመር ከቱንቢው ክር ጋር ይግጠም። በ100 ሜትር ሦስት ዲግሪ ማዘንበል አይታወቅም። በ500 ሜትር ግን ለጥይቱ መውደቅ 200 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ከሆነ ያው ሦስት ዲግሪ ምቱን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይወስደዋል። ብዙ ሰው ይህን በነፋስ ያሳብባል።

ቀጥሎ የዓይን መስተዋቱን ነጭ ግድግዳ እያያችሁ መስቀሉ ጥርት እስኪል አዙሩ፤ ፈዝዛችሁ አትዩ፣ ዓይን ራሱ ያስተካክልና ያታልላችኋል። የፓራላክስ (ዓይን ቦታውን ሲቀይር መስቀሉ ኢላማው ላይ የሚሄድ መምሰሉ) ማስተካከያ ያለው ስኮፕ ከሆነ ጠመንጃውን ሳትነኩ ራሳችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አነቃንቁ። መስቀሉ ኢላማው ላይ የሚሄድ ከመሰላችሁ መሄዱን እስኪያቆም የጎኑን ማዞሪያ አስተካክሉ። እዚያ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ግምት ነው፣ ብዙም አትመኑት።

አሁን ወደ ተኩሱ። ቦልቱን (የጠመንጃውን የኋላ መዝጊያ) አውጥታችሁ በአፈሙዙ ውስጥ እያያችሁ በ25 ሜትር ያለውን ኢላማ መሃል አድርጉት፤ ጠመንጃው ሳይነቃነቅ መስቀሉን ወደዚያው አምጡ። ሚል የማዕዘን መለኪያ ነው፤ የ0.1 ሚል ክሊክ በ25 ሜትር 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። ክሊኩ ሩብ ኤም ኦ ኤ (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ከሆነ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ25 ሜትር ወረቀቱን ካገኛችሁ ወደ 100 ሜትር ሂዱና ከሦስት እስከ አምስት ጥይት ተኩሱ፣ ከዚያ የሁሉንም መሃል ለኩ። አንዲት ጥይት እያዩ ማዞር ጥላን ማባረር ነው፤ ምቶቹ በ6 ሴንቲ ሜትር ክልል ከተበተኑ የሁለት ክሊክ እርማት ምንም አይነግራችሁም። አፈሙዙ ይቀዝቅዝ፣ ጥይቱም ለአደን የምትይዙት ራሱ ይሁን። መሃሉ ሲገጥም የማዞሪያውን ቆብ አላልታችሁ ቁጥሩን ዜሮ ላይ አድርጉት።

ሩቅ ከመሄድ በፊት ማዞሪያው የሚናገረውን መፈጸሙን ፈትኑ። በትክክል በተለካ 100 ሜትር ላይ ረጅም ወረቀት በቱንቢ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉ። ታች ያለውን ነጥብ እያነጣጠራችሁ በዜሮ ተኩሱ፤ ከዚያ 10 ሚል ወደ ላይ አዙራችሁ ያንኑ ነጥብ እያለማችሁ ድገሙ። ምቱ 100 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። 97 ብቻ ከወጣ ስኮፑ በመቶ ሦስት ያጎድላል፣ የጥይቱን መውደቅ በየርቀቱ የሚያሳየውን ሰንጠረዣችሁን በዚያ ልክ አርሙ። ስኮፑ ውድ ነው ብሎ ይህን ፈተና መዝለል አይገባም።

ሰንጠረዡ በ300 ሜትር ጥይቱ 45 ሴንቲ ሜትር ይወድቃል ካለ፣ እዚያ ርቀት 1 ሚል 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 1.5 ሚል፣ ማለትም 15 ክሊክ ነው። ፍጥነቱን ከካርቶኑ ላይ አትውሰዱ፤ የእናንተ አፈሙዝ ካጠረ ጥይቱ ይዘገያል። በፍጥነት መለኪያ ለኩና በእውነተኛው ርቀት ተኩሳችሁ አረጋግጡ። ገደል ቁልቁል ወይም ሽቅብ ስትተኩሱ የሚቆጠረው አግድም ርቀቱ ነው፤ በ30 ዲግሪ 400 ሜትር የሆነው ለጥይቱ መውደቅ 346 ሜትር ያህል ነው። መስቀሉ ላይ ባሉት ነጥቦች ለምትተኩሱ ደግሞ፣ ምስሉ ሲጎላ መስቀሉ የማይጎላ ከሆነ ነጥቦቹ ትክክል የሚሆኑት በአንድ የማጉያ ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ በከፍተኛው ብቻ ነው።

ከእያንዳንዱ ሩቅ ተኩስ በኋላ ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መልሱ፣ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለም እዩ። አንድ ሙሉ ዙር የተረሳበት ማዞሪያም "0" ያሳያል፤ የዜሮ ማቆሚያ (ማዞሪያው ከዜሮ በታች እንዳያልፍ የሚያግድ) ያለው ስኮፕ የሚመረጠው ለዚህ ነው።