ጤነኛው ጡንቻ ለምን ይቀመጣል?

በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት በአንድ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ቤተ ሙከራ ስሠራ፣ ሊምፎማ በሚባል የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር ከሞተ ኮዋላ (በዛፍ ላይ የሚኖር የአውስትራሊያ እንስሳ) የተወሰደውን የዕጢ ናሙና ካስቀመጥሁ በኋላ፣ የዚያው እንስሳ ጤነኛ ጡንቻ ባለበት ብልቃጥ ላይ መለያ ስለጥፍ የክፍሉ ኃላፊ አስቆመኝ። «ካንሰሩ ያለው ዕጢው ላይ ነው፤ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ መኖሩንም ከዕጢው እናያለን። ማቀዝቀዣው ሞልቷል፤ ጡንቻውን ጣዪው» አለኝ።

ይህ ንግግር ዛሬም ያንገበግበኛል። ኃላፊው ለረጅም ጊዜ የሠራው በሌላዋ የአውስትራሊያ ግዛት በቪክቶሪያ ነበር፤ በዚያ ሙሉው ቫይረስ የሌለባቸው ኮዋላዎች ስላሉ፣ «አለ ወይስ የለም?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም አለው። በኩዊንስላንድ ግን ይህ የኮዋላ ሬትሮቫይረስ (የራሱን ቅጂ በሕዋስ ዲኤንኤ ውስጥ የሚሰካ ቫይረስ) ወደ ዘር ሕዋሳት ገብቶ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ እያንዳንዱ ኮዋላ ሲወለድ ጀምሮ በሕዋሳቱ ሁሉ ዲኤንኤ ውስጥ ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ጥያቄው ቫይረሱ በዲኤንኤው የት ቦታ ገባ የሚለው ነው። የተወረሰው የቫይረሱ ቅጂ በዕጢውም በጡንቻውም በተመሳሳይ የዲኤንኤ ቦታ ይገኛል፤ ቫይረሱ በኋላ ተባዝቶ በአንድ ሕዋስ ዲኤንኤ ውስጥ የሰካው አዲስ ቅጂ ግን ከዚያ ሕዋስ በበቀለው ዕጢ ውስጥ ብቻ ይታያል። ይህ ቅጂ የሕዋስን ዕድገት በሚቆጣጠር ዘረመል አጠገብ ካረፈ፣ ዘረመሉን ከልክ በላይ ሊያሠራው ይችላል።

ይህንኑ ነገርሁት። «ታዲያ ቫይረሱ ካንሰር አያመጣም ነው የምትዪኝ?» አለኝ። «ያመጣል፤ እንዴት እንዳመጣው የምናውቀው ግን ዕጢውን ከዚህ ጡንቻ ጋር ስናስተያይ ነው» አልሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ እኔም ብልቃጡን ከዕጢው አጠገብ አስቀመጥሁት።

እ.ኤ.አ. በ2021 በበርሊን የላይብኒትስ የዱር እንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር የ10 ኮዋላዎችን ዕጢና ጤነኛ ሕብረ ሕዋስ አስተያይተው፣ ቫይረሱ የገባባቸውን 1002 የተለያዩ ቦታዎች ለይተው አሳተሙ። ዕጢዎቹ በጤነኛው ክፍል የማይታዩ አዳዲስ ቅጂዎችን አከማችተው ነበር፤ በእነዚህ አቅራቢያ ከሚገኙት ዘረመሎች መካከልም ከካንሰር ጋር ግንኙነት ያላቸው በዝተው ተገኙ። ኃላፊው ይህን ጥናት በስብሰባ ላይ ሲያቀርብ የጤነኛውን ናሙና አስፈላጊነት አብራርቶ ተናገረ፤ ያን የብልቃጥ ክርክር ግን አላነሣም።

ከዚህ ይልቅ የሚቆጨኝ ከዚያ ክርክር በፊት የተጣለው የሌሎች ኮዋላዎች ጡንቻ ነው። የእነዚያ ኮዋላዎች ዕጢዎች ዛሬም በማቀዝቀዣው አሉ፤ ነገር ግን የሚያስተያያቸው ጡንቻ ስለሌለ፣ በውስጣቸው ካሉት ቅጂዎች የትኛው ከወላጅ እንደመጣ፣ የትኛውስ በኋላ ገብቶ ዕጢውን እንዳበቀለ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አልቻልንም።